የቆመ አይቆጠርም

ይህ የሆነው በሁለት ባሕሮች መካከል በተዘረጋች አንዲት ሰፊ አገር ነው። ስሟን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ የሚቆጡ ሰዎች አሏት። ሕዝቧ ታታሪ ነው፣ ደግም ነው፤ ጎረቤት ሲታመም ምግብ ይዞ ይሄዳል። አንድ አመል ብቻ አለበት፦ ትልቅነቱ በቁጥር ያልተነገረው ነገር አይታየውም። ተራራ እንኳ ቢሆን ቁመቱ ተለክቶ ሥሩ ላይ ካልተጻፈ ጉብታ ነው ብሎ ነው የሚያልፈው።

በዚህች አገር ከጥንት ጀምሮ የተከበሩ ሦስት ጨዋታዎች አሉ። አንደኛው ኳስ በዱላ መትቶ መሮጥ ነው፤ ከሩጫው ግን መቆሙ ይበዛል። ሁለተኛው ረጃጅም ሰዎች ኳስ ቅርጫት ውስጥ የሚከቱበት ነው። ሦስተኛው ጠንካራ ቆብ የደፉ ጎረምሶች ኳሱን በእጃቸው ታቅፈው እርስ በርስ የሚላተሙበት ሲሆን፣ ይኸኛውን "የእግር ኳስ" ይሉታል። ለምን የእግር ተባለ ብሎ የጠየቀ እንግዳ ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፦ "ሮጠው አይደል እንዴ የሚላተሙት? በምናቸው የሚሮጡ መሰለህ?"

ታዲያ አራተኛው፣ በእውነት በእግር የሚመታው ጨዋታ፣ ወደ አገሪቱ ሲገባ ስሙ ተወስዶ ጠበቀው። ይዘውት የመጡት መጤዎች ናቸው፦ ጡብ ሊሠሩ፣ ሐዲድ ሊዘረጉ፣ ሰሃን ሊያጥቡ የመጡ ሰዎች። ስም የሌለው ነገር መዝገብ ላይ አይሰፍርምና የዚያን ጊዜው ንጉሥ መክሮ ዘክሮ "የነገ ጨዋታ ይባል" ብሎ አዋጅ አስነገረ። መጤዎቹ ያን ቀን ጨፈሩ፤ ነገ ማለት ነገ መስሏቸው ነበር። ይኸው አምሳ ዓመት አለፈው። በየዓመቱ ሊቀ መንበሩ አደባባይ ወጥተው "ነገ ከሦስቱ ታላላቅ ጨዋታዎች ጎን እንሰለፋለን" ይላሉ፣ ሕዝቡም ያጨበጭባል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል።

ሊቀ መንበር ስላችሁ ስብሰባ የሚመራ ሰው እንዳይመስላችሁ። በዚያ አገር ቃልን እንደ ተጻፈ ነው የሚያነቡት፤ ሊቀ መንበር ማለት የወንበሮች አለቃ ማለት ነው። የነገ ጨዋታ ጽሕፈት ቤት ሥራው ጨዋታውን ማሳደግ ነው፤ እድገት ደግሞ የሚለካው በወንበር ነው። አንድ ከተማ "ቡድን ላቋቁም" ብሎ ሲመጣ ተጫዋች አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ስንት ወንበር አለህ ነው ጥያቄው። ተጫዋች ሞልቶት ወንበር ያነሰው ከተማ "ነገ ተመለስ" ይባላል። ወንበር ሞልቶት ኳስ ክብ ትሁን ማዕዘን ያላወቀ ከተማ ግን በእልልታ ይገባል። አንዴ የገባ ደግሞ አይወጣም። ዓመቱን ሙሉ ተሸንፎ ውራ የወጣው ቡድን "አይዞህ" ተብሎ ከአዳዲሶቹ ጎበዞች መካከል ቀድሞ እንዲመርጥ ይደረጋል። ስለዚህ በዓመቱ መጨረሻ ሁለት ደካማ ቡድኖች ሲገናኙ ማየት ነው፤ ለመሸነፍ የሚያደርጉት ትግል አንጀት ይበላል።

ወንበሮቹ ባዶ መሆናቸው ዓይን ሲወጋ ጽሕፈት ቤቱ ከባሕር ማዶ ጀግና ያስመጣል። ጀግናው በአገሩ የጎል በሩን ሁሉ ያስከፈተ፣ አሁን ግን ጉልበቱ ያረጀበት ሰው ነው። ሕዝቡ እሱን ሊያይ ይጎርፋል፤ እሱም ጉልበቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ከሜዳው ዳር ይቀመጣል። ጽሕፈት ቤቱ በዚህ ቅር አይለውም። ተቀምጧላ! የተቀመጠ ይቆጠራል።

ጨዋታውን ከልባቸው የሚወዱ ሰዎች በአገሪቱ ጠፍተው አይደለም። ግማሾቹ በማለዳ ተነሥተው የሩቅ መስተዋት በሚባል ዕቃ የባሕር ማዶውን ጨዋታ ያያሉ፤ የአገራቸው ሲነሣባቸው አፍንጫቸውን ይነፋሉ። የቀሩት በየሰፈራቸው አፈር ላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ ያያሉ። እነዚህ በመዝገብ የሉም። አንደኛው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ "ወንበር ላይ ያለ ሁሉ ተመልካች ይባላል፤ መሬት ላይ የቆመ መንገደኛ ነው።"

በዚህ ጽሕፈት ቤት ቁምላቸው የሚባል ወንበር ቆጣሪ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከሜዳ ሜዳ እየዞረ የተቀመጡትን ቆጥሯል። ቆጣሪ ተቀምጦ መቁጠር አይፈቀድለትምና አሥራ ዘጠኙንም ዓመት ቆሞ አሳልፏል። እግሩ ከማበጡ የተነሣ ጫማውን የምታወልቅለት ሚስቱ ናት፤ እሷም ግድግዳ ረግጣ ነው የምትጎትተው። ሐቀኛ ሰው ነበር ልላችሁ አልችልም። ውሸታምም አልነበረም፤ ሕጉ በእሱ ፋንታ ይዋሽለት ነበር። ለምሳሌ ወንበሩ ባዶ ሲሆን አስተናጋጆች መደገፊያው ላይ ጨርቅ ጣል ያደርጉበታል፤ ጨርቅ ያለበት ወንበር ባለቤቱ ለጊዜው ዞር ያለ ነው ተብሎ ይቆጠራል። ቁምላቸው በዕድሜው ከሰው ይልቅ ጨርቅ ቆጥሯል።

ይህን ሁሉ የታገሠው ለአንድ ነገር ነው። ሃያ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ስሙ የተቀረጸበት ወንበር ተሸልሞ ይሰናበታል፤ ከዚያ ወዲያ እሱም ተቀምጦ እንደ ሰው ይቆጠራል። ቁምላቸው የቀረው ስምንት ወር ነበር። ወንበሩን አናጢው ቤት ሄዶ አይቶታል፤ የዋንዛ እንጨት ነው፣ መደገፊያው ሰፋ ያለ። ስሙ ገና አልተቀረጸበትም። በዚያ ባለፈ ቁጥር ጎራ እያለ ይዳስሰዋል፤ አናጢው "ተቀመጥበትና ሞክረው" ቢለው ግን እሺ አይልም። ጊዜው አልደረሰማ።

በዚያ ዓመት ጽሕፈት ቤቱ ችግር ገጠመው። ለነገ እየተባለ የተሠራው ወንበር በዝቶ ማስቀመጫ ታጣ። መጋዘን የሚሆን ቦታ ሲፈለግ በከተማዋ ጫፍ ያለው ሸክላ ጉድጓድ ታሰበ። ሸክላ ጉድጓድ ድሮ ለጡብ የሚሆን አፈር ይወጣበት የነበረ ሰፊ ጎድጓዳ ቦታ ነው። አፈሩ አልቆ ባለቤቶቹ ጥለውት ሲሄዱ፣ እዚያው የቀሩት ሠራተኞች ወለሉን ደልድለው የነገ ጨዋታ ይጫወቱበት ጀመር። ሕጉ ተመልካች ያለበትን ሜዳ መውሰድ ይከለክላል። ስለዚህ ሊቀ መንበሩ ቁምላቸውን አስጠሩትና ሄዶ ዜሮ ጽፎ እንዲመጣ በትሕትና ነገሩት። እዚያ ወንበር የለም፣ ወንበር ከሌለ ተመልካች የለም፣ ነገሩ ያለቀ ነው አሉት።

ቁምላቸው በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ጉድጓዱ ሄደ። አፋፉ ላይ ሲደርስ እግሩ ቀጥ አለ። ከታች ቀዩ ወለል ላይ ጡብ ጫኞችና ዳቦ ጋጋሪዎች ይጫወታሉ። በአራቱም ተዳፋት ላይ ሰው እንደ ጉድ ቆሟል፤ በዘጠኝ ቋንቋ ይዘፍናል፣ ይሳደባል፣ ያለቅሳል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጨዋታው መሥሪያ ቤት ሲሠራ ጨዋታውን የሚያይ ሰው አይቶ አያውቅም ብላችሁ አትፍረዱበት። የሚያየው ወንበሩን ነበር።

የሜዳው አለኝታ እልፍነሽ የምትባል ኳስ ሰፊ ናት። ወለሉን ከባሏ ጋር ሆና የደለደለችው እሷ ናት፤ ባሏ ከሞተም ወዲህ መስመሩን በጡብ ዱቄት እያሰመረች፣ ኳሱን በራሷ መርፌ እየሰፋች ሜዳውን አቆይታዋለች። ለሹምም ሆነ ለለማኝ አንቱ የማትል ሴት ናት። ቁምላቸው ዙሪያውን ሲያይ ሦስት ሰዓት ቆሞ ከጨረሰ በኋላ አጠገቡ መጥታ ምን እንደጻፈ ጠየቀችው።

"ዜሮ" አላት።

"ይኼን ሁሉ ሰው እያየህ?"

"ቆመዋል እኮ፣ እመቤቴ። እኔ የምቆጥረው ወንበር ላይ ያለውን ነው።"

እልፍነሽ ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ በተለይ እግሩን አየችው። "አንተስ ከመጣህ ጀምሮ ቆመህ አይደል እንዴ?" አለችው። "አንተን ማን ይቆጥርሃል?"

"ስምንት ወር ነው የቀረኝ" አለ ቁምላቸው። ይህን ለምን ለማያውቃት ሴት እንደነገራት ራሱም አላወቀም።

እሷ ግን አልሳቀችበትም። ዜሮው ከጸና ጉድጓዱ የወንበር መጋዘን እንደሚሆን ሲነግራት ጡብ ላይ ቁጭ አለች። ቤቴ አይደለም፣ ርስቴ አይደለም፣ ግን ሌላ ምንም የለኝም አለችው። ከዚያ ወንበር ቢመጣስ ብላ ጠየቀች። ቁምላቸው እንደ ሕጉ መለሰላት፦ የዛሬው ጉብኝት ነው፤ ዋናው ቆጠራ በሁለት ሳምንቱ ይደረጋል፤ በመጀመሪያ፣ በመካከል፣ በመጨረሻ ሦስት ጊዜ ይቆጠራል፤ የሚጸናው የመጨረሻው ነው። እልፍነሽም መርፌዋን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ሰክታ ተነሣች።

በሁለት ሳምንቱ ቁምላቸው ሲመጣ በተዳፋቱ ላይ ስምንት መቶ ወንበር አገኘ። ከሦስት እድሮች የተለመነ የለቅሶ ወንበር ነው። ተዳፋት ነውና እንዳይንሸራተት በእያንዳንዱ የፊት እግር ሥር ጡብ ተወትፎለታል። ሰዎቹ ጉልበታቸውን ገጥመው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ፎቶ ሊነሡ የመጡ መስለው ተቀምጠዋል። ወንበር ያልደረሳቸው ከኋላቸው በዝምታ ቆመዋል። አንድም ዘፈን የለም፤ ዘፋኙ ተነሥቼ እንዳልገኝ ብሎ አፉን በእጁ ይዟል። የዕለቱ ግጥሚያ በጡብ ጫኞችና በሐዲድ ሠራተኞች መካከል ነበር። ቁምላቸው ቆጠረና ስምንት መቶ ብሎ ጻፈ። እልፍነሽ ከመስመሩ ዳር ሆና "በርቱ፣ እንዲህ ነው" እያለች በዓይኗ ታባብላቸዋለች።

እስከ ሁለተኛው ቆጠራ ድረስ ቻሉት። ቁምላቸው ብዕሩን ባነሣባት ቅጽበት ከጡብ ጫኞቹ አንዱ፣ ሸምበቆ የመሰለ ቀጭን ልጅ፣ ኳሷን ከሩቅ መትቶ በረኛው እጁን ሳይዘረጋ መረብ ውስጥ አሳረፋት። ስምንት መቶው ሰው በአንድ ጊዜ ተነሣ። ሰው ሲነሣ ወንበሩ ጡቡን ጥሎ ወደ ታች ተንሸራተተ፤ አንዳንዱ ሜዳ ገብቶ ተከላካይ መሰለ። ቁምላቸው ሲቆጥር አንድም የተቀመጠ የለም። ዜሮ ብሎ ጻፈ። ሲጽፍ ጉሮሮው እንደከረከረው ተሰማው፤ ለካ እሱም ጮኾ ኖሯል።

እልፍነሽ እየዞረች ለመነቻቸው። "እባካችሁ አንዴ ብቻ፣ ለመጨረሻው ብቻ ቁጭ በሉልኝ" አለች። እሺ እሺ አሏት፤ ከልባቸው ነበር እሺ ያሉት። ነገር ግን የሐዲድ ሠራተኞቹ አቻ አደረጉ፤ የቀረው ደቂቃ ትንሽ ነው፤ ኳሷም ከአንዱ ጎል ወደ ሌላው ትመላለሳለች። ማን ቁጭ ይበል? ከፊት ያለው ከቆመ የኋላው አያይምና የኋላዎቹ ወንበሮቹን ሰብስበው ከአፋፉ ሥር ባለው ጠባብ እርከን ላይ ደረደሯቸው፤ ከዚያም በእያንዳንዱ ወንበር ላይ ሦስት ሦስት ሆነው፣ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ወጡበት። ሦስተኛው ቆጠራ የደረሰው ያን ጊዜ ነው።

እልፍነሽ ይህን ስታይ ፊቷን ከቁምላቸው አዞረች። እንዲያያት አልፈለገችም። ቁምላቸውም ዜሮ ሊጽፍ ብዕሩን አስጠግቶ ነበር። ዜሮ ቢጽፍ ሊቀ መንበሩ ይደሰታሉ፣ ስምንቱ ወር ይሞላል፣ የዋንዛው ወንበር ቤቱ ይገባል። እንደ ልማዱ ግን አንቀጹን በልቡ ደገመው፤ "ወንበር ላይ ያለ ሁሉ" ይላል። ተቀምጦ አይልም። ኪሱ ያለውን መጽሐፍ አውጥቶ ዳግመኛ አነበበው፤ አይልም። እነዚህ ሰዎች ወንበር ላይ ናቸው። መሬት ላይ አልቆሙም።

ሕግ አክባሪ ሰው ነውና ቆጠራቸው። ሁለት ሺህ አራት መቶ ሆኑ። ዕድሜውን ሁሉ ከሕግ ወጥቶ አያውቅም፤ ዛሬም አልወጣም፤ ግን ሕጉን ይዞ ሲፈራ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሄዶ ለእልፍነሽ ሜዳሽ ተርፏል አላት። እስከዚያ አንቱ ይላት የነበረውን ያን ዕለት እንደረሳ ሁለቱም አላስተዋሉም። እሷም ደጋግማ ሳመችው።

በማግሥቱ ሊቀ መንበሩ መዝገቡን አነበቡ። ወንበር ስምንት መቶ፣ ተመልካች ሁለት ሺህ አራት መቶ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው ደግመው አነበቡ። በአምሳ ዓመት ውስጥ ሰው ከወንበር በልጦ አያውቅም። ቁምላቸው ተሰናብተሃል የሚለውን ቃል እየጠበቀ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ ቆሞ ነበር። ቀና ሲል ሊቀ መንበሩ እንባ በእንባ ሆነዋል።

"ረሃብ!" አሉ። "ሕዝባችን የወንበር ረሃብ ገብቶበታል። ሦስት ሰው በአንድ ወንበር! እኔ እዚህ ስድስት ሺህ ወንበር መጋዘን አጥቶብኝ ስጨነቅ፣ እዚያ ወገኔ ተደራርቦ ይኖራል።"

ዕለቱን ምክር ቤት ተጠርቶ ሸክላ ጉድጓድ ሠላሳኛው ቡድን ሆኖ እንዲገባና ስድስት ሺሁ ወንበር በሙሉ እንዲተከልበት ተወሰነ። ረሃቡን ቀድሞ ያየ ሠራተኛ ተብሎም የቁምላቸው ስምንት ወር ተማረለትና ስሙ ወንበሩ ላይ እንዲቀረጽ ታዘዘ። ቁምላቸው ያን ያበጠ እግሩን እየጎተተ ሮጦ ወሬውን ለእልፍነሽ አደረሰ። ጉድጓዱ በዘፈን ተናወጠ። ሜዳቸው ታወቀላቸው፤ መጤ መባል ቀረላቸው፤ ከትልልቆቹ ከተሞች ጋር ሊጫወቱ ነው። እልፍነሽ በዚያ ሳምንት አሥራ ሁለት አዲስ ኳስ ሰፋች።

ሰኞ ወንበር የጫኑ ጋሪዎች ተሰልፈው መጡ። ከነሱ ጋር ገመድና የውሃ ልክ የያዘ ተካይ አለ። ተካዩ ተዳፋቱን አየ፣ ውሃ ልኩን አስቀመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ። ወንበር በደልዳላ መሬት ላይ ይተከል ይላል ሕጉ። ዙሪያውን ለካ፤ ሁሉም ተዳፋት ነው። በጉድጓዱ ውስጥ ደልዳላ የሆነው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም እልፍነሽና ባሏ የደለደሉት ነው። ተካዩ ለመሬቱ ጥራት አድናቆቱን ገልጾ ችካሉን መሐል ላይ መታ።

"ተጫዋቾቹ የት ሊጫወቱ ነው?" አለችው እልፍነሽ።

ተካዩ ወረቀቱን አገላበጠ። "እሱ የኛን ክፍል አይመለከትም" አላት። "የጨዋታ ክፍል ነገ ይመጣል።"

ቁምላቸው ወደ ሊቀ መንበሩ ሮጠ። እንዲህ ሆነ፣ ወንበሩ ሜዳው ላይ እየተተከለ ነው፣ ስሕተት ተፈጥሯል አላቸው። ሊቀ መንበሩ በፍቅር ሰሙት። ስሕተት እንደሌለ፣ ይህ ዕድገት እንደሆነ፣ ዕድገት መጀመሪያ ላይ ትንሽ እንደሚቆረቁር አስረዱት። እንቢ ብሎ ቢቆምባቸው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

"ልጄ፣ ጨዋታ የትም ይገኛል" አሉት። "ስድስት ሺህ ወንበር ባንድ ቦታ ግን የት አይተህ ታውቃለህ?"

ቁምላቸው ተናደደ። ለራሱም ደነገጠ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ተናዶ አያውቅም ነበርና። ያናደዱት ሊቀ መንበሩ ብቻ አይደሉም። ዜሮ ጽፎ ቢሆን ጉድጓዱ ስድስት ሺህ ወንበር የታጨቀበት መጋዘን ይሆን ነበር። ሁለት ሺህ አራት መቶ በመጻፉ ይኸው ስድስት ሺህ ወንበር ታጨቀበት። ልዩነቱ አሁን ሪባን የሚቆረጥ መሆኑ ነው።

የምረቃው ዕለት እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቀዩ ወለል አይታይም፤ ከዳር እስከ ዳር ወንበር ነው፤ ሁሉም ወደ ፊት ዞሯል፤ ፊት ለፊቱ ሌላ ወንበር አለ። የሰፈሩ ሰው እንደ ልማዱ ተዳፋቱ ላይ ቆሞ ቁልቁል ወንበሩን ያያል። ውረዱና ተቀመጡ ተባሉ። "ምን ልናይ?" አለ አንዱ ጡብ ጫኝ። አስተናጋጆቹም ጊዜ አላጠፉም፤ ወንበሩን ሁሉ ጨርቅ አለበሱት። ጉልበቱ ያረጀው የባሕር ማዶ ጀግና መጥቶ ከፊት ተቀመጠ። እግሩ ሥር ያለውን ቀይ አፈር በጫማው ጫፍ ትንሽ ፈተገ፣ ግራ ቀኙን አየ፣ ከዚያ አጠገቡ ያለውን አስተናጋጅ "ኳሷ የታለች?" ብሎ በጆሮው ጠየቀው። ያ ሰው እውነተኛ ተጫዋች እንደነበር የገባኝ በዚህች ጥያቄው ነው።

ሊቀ መንበሩ ንግግር አደረጉ። ሸክላ ጉድጓድ በአንድ ቀን ከሁለት ሺህ አራት መቶ ወደ ስድስት ሺህ ተመልካች ማደጉን አበሰሩ። ከዚያ ቁምላቸውን በስሙ ጠርተው የዋንዛውን ወንበር ሰጡት፤ መደገፊያው ላይ ስሙ በትልልቅ ፊደል ተቀርጿል። ከጀግናው አጠገብ አስቀመጡለትና ተቀመጥ አሉት። ተቀመጠ። ምቹ ወንበር ነበር፤ ይህን አልዋሽም። ጀርባውን ሲያስደግፍ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ድካም ከተረከዙ ወጣ። ዓይኑን ጨፈነ። ዘንድሮ እንደ ሰው ተቆጠርኩ አለ በልቡ።

ዓይኑን ሲገልጥ ወደ ኋላው ዞር አለ። ስድስት ሺህ ጨርቅ ነው። ቀና ሲል የሰፈሩ ሰው በተዳፋቱ ላይ ወደ አፋፉ እየወጣ ነው፤ እልፍነሽ ከፊት ናት፣ ኳስ ብብቷ ሥር ይዛለች። ወደ ኋላ አልዞረችም። አንድ በአንድ ከአፋፉ ማዶ ጠፉ። ንግግሩ ግን ቀጥሏል። ጥቂት ቆይቶ ከአፋፉ ማዶ ያ የሚያውቀው ድምፅ መጣ፤ ብዙ ጉሮሮ ባንድ ጊዜ የሚያወጣው። አንድ ሰው ጎል ስቷል። ቁምላቸው ያላየው ጎል ስለ ተሳተ ቆጨው።

ተነሣ። ወንበሩን ትከሻው ላይ አደረገና በጨርቆቹ መካከል አልፎ ተዳፋቱን ወጣ። ሊቀ መንበሩ ለአፍታ ንግግራቸውን አቋረጡ፤ ምናልባት ወንበሩን ለሚስቱ ሊያሳይ ነው ብለው ቀጠሉ።

ከአፋፉ ማዶ የተሰበረ ጡብ የተጣለበት ባዶ መሬት አለ። ሰዉ ዙሪያውን ክብ ሠርቶ ቆሟል። በወዲያኛው በኩል ጎሉን በሁለት የጡብ ክምር አበጅተዋል፤ በወዲህኛው አንደኛው ክምር ጸንቷል፣ ሌላኛው ግን ኳስ በነካው ቁጥር እየፈረሰ አስቸግሯል። የተሳተው ጎል ጎል ነው አይደለም ተብሎ ጭቅጭቅ ተነሥቷል። ቁምላቸው የፈረሰው ክምር ጋ ሄደና ወንበሩን አቆመ። በእጁ ነቅነቅ አድርጎ ሞከረው፤ ጸና። ጭቅጭቁ ቆመና ጨዋታው ቀጠለ።

እልፍነሽ አጠገቡ መጣች። ወንበሩን አየች፣ እግሩን አየች። "አትቀመጥበትም?" አለችው።

"አይሆንም፤ በሱና በክምሩ መሐል ኳስ ታልፋለች" አላት፤ ዓይኑን ከጨዋታው አላነሣም።

በቀጣዩ ሳምንት ጽሕፈት ቤቱ አዲስ ቆጣሪ ላከ። ወጣት ነው፣ ጠንቃቃ ነው፣ ያየውን እንዳየው የሚጽፍ ነው፤ ሃያ ዓመት ይቀረዋል። ሸክላ ጉድጓድ ገብቶ ስድስት ሺህ ብሎ ጻፈ። ከዚያ ከአፋፉ ማዶ ጩኸት ሰምቶ ወጣና ሦስት ሰዓት ቆሞ ቆጠረ። ዘገባው አሁንም መዝገብ ቤት አለ፤ ሊቀ መንበሩ ሊገባቸው አልቻለም፣ "ነገ ይታያል" ብለው መርተውበታል። እንዲህ ይላል፦ "ከጉድጓዱ ማዶ ወንበር አንድ ተገኝቷል። የተቀመጠበት ሰው የለም። መደገፊያው ላይ 'ቁምላቸው' የሚል ትእዛዝ ተጽፎበታል፤ ያዘዘው ማን እንደሆነ አልታወቀም፤ ሁሉም ግን ቆመው ተገኝተዋል።"